አቡዬ ያላሉት

አቡዬን በሕልሜ ያየሁ ጊዜ ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የነሐሴ ዝናብ እየሰማሁ ጻድቁን ከነአንበሶቻቸውና ከነነብሮቻቸው ከሳሪስ ቃሊቲ ድረስ በእግር አመጣኋቸው። ሥልሳ አንበሳ፣ ሥልሳ ነብር። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ገድላቸው ላይ ያለ ነው። እኔ የጨመርኩት ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ወያላው «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ እንደጠራቸው፣ እሳቸውም «እኛ ብዙ ነን ልጄ» ብለው እንዳለፉ ብቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድካሜ ምክንያቷ አንዲት ልጅ ናት።

ስሟ ማህሌት ነው። ከኔ በሁለት ሦስት ዓመት ታንሳለች፤ እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ በላይነሽ ማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት የቆርቆሮ ሱቅ ነበራት። ለጠያቂ ብርቱካን፣ ሳሙናና ዳቦ ትሸጣለች፤ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል የሰው ስልክና ቦርሳ ተቀብላ ታስቀምጣለች። ማታ ማታ ሳይሸጥ የቀረ፣ ጎኑ የላሸቀ ብርቱካን ታመጣልኝ ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን ግን ብርቱካኑን ትታ ልጅ ይዛ መጣች።

«የአባትሽ ዘመድ ልጅ ናት። እናቷ እስክትመለስ እኛ ጋ ትሆናለች» አለችኝ።

እናቷ የት እንደሄደች ብጠይቅ «ሥራ» አለች፤ አባባሏ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂ የሚል ነበር። ልጅቷን አየኋት። ጸጉሯ እስከ ሥሩ ተላጭቷል። ቀሚሷ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ጠፍቷል። በራችን ገርበብ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ሁለት እጇን ወደ ታች ዘርግታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

በሩን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ክፈችላት ፍቅርተ» አለች እናቴ።

እንዲህ ሆኜ የበር ከፋችነት ሥራ ጀመርኩ። ማህሌት በር አትከፍትም ነበር። የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ የኩሽናውን በር፣ የግቢውን ቆርቆሮ፣ ሁሉንም ፊቱ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ከዚያ በፊት በር የሚከፈትለት ሰው ያየሁት በጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ያውም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ስሟ ሲጠራ ደግሞ ብድግ ትላለች። ሲመሽ ማንም ሳያዛት ሄዳ ግድግዳ ሥር ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ተቀመጪ ካልተባለች አትቀመጥም። ጎረቤቶቻችን «አቤት ሥርዓቷ፣ አቤት አስተዳደጓ» እያሉ ሳሟት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ምንም አላሉም። ያ ዝምታቸው ነው የቆጠቆጠኝ።

እውነቱን አሁን አውቃለሁ። ማህሌት የተወለደችው እዚያው፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው አጥር ወዲያ ነው። እዚያ በር የሚከፈተው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሲመሽ ሰው ይቆጠራል። ልጁ ከእናቱ ጋር እያደገ እያደገ ይመጣና አንድ ቀን ዘመድ ይፈለግለታል። ያኔ ግን እኔ ቤታችን ውስጥ ልዕልት የገባች መስሎኝ ነበር፤ ልዕልቷም በገዛ አልጋዬ ላይ ከጎኔ ትተኛለች፣ አልፎ አልፎም ትሸናብኛለች።

ቅናት ቃር ነው፤ ሳይበሉ ይመጣል። እኔ ደግሞ እያየሁ ነበር። እንቁላል ሲቀቀል አስኳሉ ለማህሌት፣ ነጩ ለኔ። ሹራብ ተገዛላት፤ ለኔ የአምናው ክንዱ ተተረተረና ተረዘመልኝ። እናቴ እኔን ስትጠራ ድምፅዋ እስከ አቃቂ ድልድይ ይሰማል። እሷን ስታናግር ግን ሕመምተኛ እንደምትጠይቅ በቀስታ ነው። ቁንጥጫዋን ጭኔ ያውቀዋል፤ ማህሌትን አንድም ቀን አልነካቻትም።

አንድ ቀን እንዲያውም ማህሌት ሱቅ ውስጥ ስትጫወት የአንድ ጠያቂ ስልክ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው። እኔ «በቃ፣ ዛሬ አበቃላት» ብዬ ቦታ ይዤ ቆምኩ። እናቴ እጇን አነሳች። ከዚያ የተነሳውን እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። አወረደችውና ወጥታ ዝናብ ውስጥ ቆመች፤ ነጠላዋ እስኪጨመቅ ድረስ። እኔም ከባንኮኒው ሥር ሆኜ፣ ከፍቅሯ ብዛት መምታት አቃታት ብዬ አንጀቴ አረረ።

ስለዚያ ዝናብ የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። አባቴ ሞቶ ለቅሶው ሲበተን፣ እትዬ ዙለይኻ ሳህን እያደራረቀች ነገረችኝ። እትዬ ዙለይኻ ከእናቴ ሱቅ ጎን ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት፤ እናቴ ለንስሐ አባቷ ያልነገረችውን ሁሉ ለእሷ ነግራታለች። «እጄን አንዴ ካነሳሁባት የምመልሰው አይመስለኝም እያለች ታለቅስብኝ ነበር» አለችኝ። «አስኳሉንም እኮ ወዳት መሰለሽ? የልቤ ክፋት እንዳይታወቅብኝ አፏን እሞላለሁ ትል ነበር።»

እኔ እንግዲህ የቀናሁት በዚያ አስኳል ነው።

ሌላም የማልወደው ነገር ነበር። አባቴ አምባው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ቤት አልመጣም። ስጠይቅ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው» ይሉኛል። በዚያ ላይ ሱቅ የሚመጡ ሴቶች የማህሌትን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩና እርስ በርስ እየተያዩ በሹክሹክታ «ቁርጥ አምባውን» ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ብርቱካን መደርደር ትጀምራለች፤ የተደረደረውን አፍርሳ እንደገና። እኔ ደግሞ አባቴን መምሰል የዕድሜ ልክ ምኞቴ ነበር፤ ሁሉም ሰው «አንቺስ በላይነሽን ነሽ» ነው የሚለኝ። ከየት መጣች የማትባል ልጅ የአባቴን ፊት ይዛ መጥታ አባቴን ራሱን ደግሞ ያስቀረችው መሰለኝ። ሌባ አልኳት በልቤ።

አባቴ ያን ክረምት ሞጆ መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው። መኪናው ምንም አልሆነም። እናቴ «እኔ እስክጠራህ ድረስ እንዳትመጣ» ብላው ነው። ማህሌትን ያመጣቻትም እንዲሁ እንደነገሩ አልነበረም። አንዲት የማረሚያ ቤቱ ሠራተኛ የሹፌር አምባውን ቤት እያጠያየቀች ከሱቅ ሱቅ ስትሄድ እናቴ ጋ ደረሰች። አንዲት ናዝሬት መንገድ ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች እስረኛ ልጅ ወልዳለታለች፣ ልጅቷ ከእንግዲህ መውጣት አለባት፣ ሚስቱን የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ ለአንድ ሰው ዳቦ እየጠቀለለች ነበር። ጠቅልላ ጨረሰች፣ ሰጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «የምትፈልጊያት እኔ ነኝ፤ ሱቁን ልዝጋና እንሂድ» አለች። ይህን ያየችው እትዬ ዙለይኻ ናት። ስትነግረኝ ሳህኑ እጇ ላይ ቆመ።

ወደ ሕልሜ ልመለስ።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ባንኮኒው ሥር፣ የጠያቂ ቦርሳ መሃል ተጠቅልዬ ሁለቱን ሴቶች እሰማለሁ። እትዬ ዙለይኻ ጥሩ ማሳደጊያ እንዳለ፣ ባሏ ሙህዲን እዚያ የሚያውቃቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ልጅቷም በልታ ጠጥታ እንደምታድግ ትናገራለች። ማንም አይፈርድብሽም፣ ይህን ያህል ያደረገች የለችም ትላታለች።

«ሱባኤዬን ልያዝ» አለች እናቴ። «ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ እሱ የሚለኝን ልስማ። አስቀሪያት ካለኝ ትቀራለች። ላኪያት ካለኝም እልካለሁ።»

«ካልነገረሽስ?»

«ይነግረኛል።»

ልብ በሉልኝ። የማህሌት ጉዳይ ቁርጥ ወደ ሰማይ ተልኳል። ፍልሰታ ደግሞ የልመና ጾም ነው፤ ድፍን ሀገር ተንበርክኮ የሚለምንበት ጊዜ። ወረፋው እንዴት ሊረዝም እንደሚችል አሰብኩት። የእናቴ ጥያቄ ተራው ሳይደርስ ጾሙ ቢፈታስ? እኔ መልሱን ስለማውቀው ወረፋውን ላሳጥርላት ወሰንኩ።

ማን ይዞ ይምጣ ለሚለውም ብዙ አልተቸገርኩም። እናቴ የአቡዬ ወዳጅ ናት፤ በወር በአምስተኛው ቀን ሳሪስ አቦ ሳትሳለም አትውልም። ሥዕላቸውም ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ጺማቸው እስከ ጉልበት፣ ገላቸው በጸጉር የተሸፈነ፣ ግራና ቀኝ አውሬ። እኔ የማየው አውሬዎቹን ነበር።

ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ «እማዬ፣ ሕልም አየሁ» አልኳት።

«ለመልካም ያድርገው» አለች ሳትዞር።

ነገርኳት። ዝናቡን፣ አንበሶቹን፣ ወያላውን። ወያላው ጋ ፈገግ ያለች መሰለኝና ተበረታታሁ። አቡዬ ጎንበስ ብለው በበራችን ገቡ፣ ጺማቸውን ከጭቃ ላይ ሰበሰቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሙና በመቋሚያቸው ማህሌትን አመለከቱ። «ይህችን ልጅ ወደ መጣችበት መልሺ። ያኔ ቤትሽ ሰላም ይሆናል፣ አምባውም ይመለሳል» አሉ።

አባቴን የጨመርኩት ለማጣፈጫ ያህል ነው። እናቴ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«አምባውም ይመለሳል አሉ?»

«አዎ። ሁለቴ አሉ።»

«በምን ዓይነት ድምፅ?»

«በወፍራም። እንደ ሬዲዮ።»

ማህሌት ከአልጋው ላይ ዓይኗን ገልጣ ታየናለች። እናቴ ወደሷ አላየችም። ተነስታ ወጣች፤ ያለወትሮዋ በሩን ከኋላዋ ሳትዘጋው።

እኔ ይህን ያህል ውጤት አልጠበቅኩም ነበር። በበፊቱ ልማድ እኔ አንድ ነገር ሳወራ ቤተሰቡ ግማሹን ይቀንሳል። አቃቂ ወንዝ ውስጥ የመምህራችንን ጃንጥላ የዋጠ ዓሣ አለ ብዬ «ጃንጥላው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?» ተብዬ የተሳቀብኝ ሰው ነኝ። አሁን ግን እናቴ ማንንም አታናግርም። አንድ ማታ የማህሌትን ልብሶች ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ጠዋት አውጥታ ሰቀለቻቸው። ማታ መልሳ ከተተች። እኔ ማህሌት ስትተኛ አልጋው ላይ እጄን ዘርግቼ ነገ የኔ የሚሆነውን ቦታ እለካለሁ።

ማህሌት ፌስታሉን ስታይ አቅፋው ተቀመጠች። «እናቴ ጋ ልሄድ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥርሷም የአባቴ ሆኖ ስላገኘሁት ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

እናቴ በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው እጄን ይዛ ሳሪስ ወሰደችኝ። ቅዳሴው ወጥቶ ሰው ጠበል ይጠጣል። የንስሐ አባታችን አባ ተስፋሚካኤል ግንቡ ጥግ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ነበር፤ እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ ሕልሙን እኔ ራሴ እንድነግራቸው ገፋ አደረገችኝ። ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ወያላውን አወጣሁና በምትኩ አንድ የሚያነክስ ነብር ጨመርኩ። አባ ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን አልቀለዱም። በፍልሰታ የታየ ሕልም፣ ያውም በሕፃን አንደበት የተነገረ፣ ዝም ብሎ የሚጣል እንዳልሆነ ተናገሩ። ጣሪያው ላይ የወጣሁ ያህል ደስ አለኝ።

«አንቺስ ልጄ፣ ስትሰሚው ምን ተሰማሽ?» አሏት።

«ደስ አለኝ አባ» አለች እናቴ።

እዚህ ላይ በልቤ እልል አልኩ።

«ደስ ስላለኝ ነው የመጣሁት» አለች ቀጥላ። «ካገባሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰማይ የኔን ቂም ተቀብሎ ማኅተም ያደረገልኝ መሰለኝ። ልብሷንም ሰበሰብኩ። ግን እጄ በሩ ጋ ሲደርስ ይፈራል።»

«ምኑን ፈራሽ?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤተ መቅደሱ ስታይ ቆየች።

«አባ፣ እኔ አቡዬን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ውኃ ለጠማት ወፍ ዓይናቸውን የሰጡ ናቸው፤ ከእንባቸው ያጠጡ። ለወፍ እንዲያ የሆኑ ጻድቅ፣ እናቷ የታሰረችባትን ሕፃን ከቤት አስወጪ ይሉኛል? እሳቸው ቢሉኝስ፣ የሚልካቸው ጌታ እንዲህ ያለ ነው? እሱን እንዲህ አላውቀውም።»

«ሕልሙስ ታዲያ?»

«ሕልሙ የኔ ነው። የልቤን ልጄ አየችልኝ።»

አባ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው ውኃውን አራገፉ። ከዚያ እናቴን ባረኳት፤ ጭንቅላቴ ላይ ደግሞ መስቀሉን ትንሽ ጫን አድርገው አሳረፉት።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንዲት ወፍ ተሸነፍኩ። ቤት እንደደረስኩ አልጋው ላይ ቆሜ ሥዕሉን አየሁት። እውነትም ወፍ አለች፤ ከዓይናቸው ሥር፣ አውራ ጣት የምታክል። ስንት ጊዜ ሥሯ ተኝቼ አላየኋትም። የተሳሳተ ጻድቅ መርጫለሁ ብዬ ተቆጨሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ባመጣው ኖሮ፣ ጦር አለው፣ ፈረስ አለው፣ ወፍ የለውም። ግን እሱም ቢሆን ከዘንዶ አፍ ልጃገረድ ያስጣለ ነው። ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ለሰው የጸለዩ። እመቤታችን ራሷ ልጇን አዝላ የተሰደደች። የማውቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ ልጅ አስወጪ ብሎ የሚላክልኝ አንድ እንኳ አጣሁ። ተናድጄ ተኛሁ።

ፌስታሉ ተፈታ፤ ልብሷም በኔ ልብስ ላይ ተሰቀለ።

ፍልሰታ እንደተፈታ እናቴ ቀይ ወጥ ሠራች። እሑድ ጠዋት ለኔም ለማህሌትም ፊታችንን ቅባት ቀባችን፤ ወጡን በክዳን ሳህን ቋጠረችና ሱቁን ለእትዬ ዙለይኻ አደራ ብላ መንገዱን ተሻገረች። ዕድሜዋን ሙሉ ለጠያቂ ስትሸጥ የኖረች ሴት ዛሬ ጠያቂ ሆና ከሰልፉ ጫፍ ቆመች። ብርቱካን የሚገዟት ሁሉ ዞረው ያዩዋታል። እሷ ፊት ለፊቷ ያለችውን ሴት ጀርባ ብቻ ታያለች።

በሴቶቹ በር የምትፈትሸው ፖሊስ ደንበኛችን ነበረች።

«እትዬ በላይነሽ፣ አንቺ ደግሞ ማንን ልትጠይቂ ነው?» አለቻት።

«አስካለን።»

«ምንሽ ናት?»

ከኋላችን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። እናቴ የማህሌትን እጅ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች።

«የልጄ እናት ናት» አለች።

እኔ ቀና ብዬ አየኋት። «ልጄ» የሚባለው እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ቃሉን እንደ ዳቦ ቆርሳ ለሌላ ስትሰጥ ያየሁ መሰለኝ፤ ትልቁን ቁራሽ ደግሞ። የዚያን ዕለት ቅናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ አንደኛ ነው፤ ባሌ ከነቦርሳው የጠፋ ጊዜ እንኳ ያን አላከለም።

ፖሊሷ ሳህኑን ከፈተች። በሕጉ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ ነገር ተጨምሮበት እንዳይሆን። «እንግዲህ ታውቂዋለሽ፤ ቅመሺልኝ» አለቻት። እናቴ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጎረሰች።

አልዋጥ አላት።

አኘከች፣ አኘከች። ጉሮሮዋ ሲሞክር ይታያል፤ አይወርድም። ጉንጯ እንደሞላ ዓይኗ ውኃ ሞላ። የፖሊሷ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ክዳኑን መልሳ ሳህኑ ላይ አስጠጋችው። «እትዬ በላይነሽ፣ ዋጪው እንጂ» አለች፤ ድምፅዋ አሁን የደንበኛ አልነበረም። ከሰልፉ አንዲት ሴት «ለጣውንቷ ነው እኮ የያዘችው» ስትል ሰማሁ። ጣውንት ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ሲል ግን አይቻለሁ።

እኔ በበኩሌ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ጾሙን ሙሉ ሥጋ በአፌ አልዞረም። እናቴ ጥሩውን ብልት መርጣ ጎርሳለች፤ የተረፈው ደግሞ ለማላውቃት ሴት ሊገባ ነው። ለማህሌት አስኳል፣ ለማህሌት ሹራብ፣ አሁን ደግሞ ለማህሌት እናት ቅልጥም። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በእናቴ ክንድ ሥር ገብቼ እጄን እስከ አንጓዬ ሳህኑ ውስጥ ከተትኩና አጥንቱን ከነሥጋው አፌ ውስጥ ወተፍኩት። ሥጋውን ግጬ ሳላኝክ ዋጥኩ። ሌላ ልደግም እጄን ሰደድኩ።

«ይቺ ደግሞ የማን ጅብ ናት?» አለች ፖሊሷ፤ ሳቀች። ሰልፉም ሳቀ። ማህሌትም እጇን ጨመረች። እናቴ አፏ እንደሞላ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሲወጣ ጉርሻው ወረደ።

ዛሬም ድረስ ሰው ሲያወራው፣ እናቷን ከጥርጣሬ ያዳነች ልጅ ተብዬ እመሰገናለሁ። አላስተባብልም።

አስካለ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነበር። ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ቀጭን ሴት። እናቴን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ማህሌት ሮጣ አጥሩ ላይ ተለጠፈች፤ አስካለ በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን አሾልካ የልጇን የበቀለ ጸጉር ዳሰሰች።

«ልጅቷ እኔ ጋ ናት» አለች እናቴ። «እስክትወጪ። ወጥተሽም እስክትቋቋሚ።»

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«አላልኩሽም። ገና ነኝ።»

አስካለ አሁን ቀና አለች። «ታዲያ ማን አዞሽ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም። ሱባኤዬን ሙሉ ምልክት ስጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። እግዜር ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እንደሱ ከሆንኩ አልሳሳትም ብዬ ነው።»

ከዚያ ሳህኑ በሚገባበት በኩል ገባ። አስካለ ቆማ በላች፤ የበላችው ግን ትንሽ ነው፤ እኔ ብዙ አላስተረፍኩላትም።

አባቴ በመስከረም ተጠርቶ መጣ። እናቴ መደቡ ላይ አነጠፈችለት። እኔ ስለሚያንኮራፋ ነው ብዬ ለጎረቤት አወራሁ፤ ማንኮራፋቱ ስንት ዓመት እንደፈጀ ዛሬ ገብቶኛል። አስካለ ተፈትታ አቃቂ ቤት ተከራየች፤ ማህሌት ግን ሁለቱም ጋ እየተመላለሰች አደገች፤ ሁለት እናት አላት፣ እኔ አንድ። እኔን ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ሲለቀኝ እሷ ኮሌጅ ገባች፤ አሁን ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። እናቴ ሲያማት «ማህሌት ትምጣልኝ» ትላለች፤ ይዣት የምመጣው እኔ ነኝ፣ መንገዱን ሙሉ እየቀናሁ። ሒሳብ አልጠይቃትም እንጂ።

የዚያን እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። እናቴ መሃል ሆና ሁለታችንንም ይዛለች። ቀኝ እጇን የያዘችው ማህሌት ናት፤ እኔ ግራው ደርሶኛል፤ ይህም አልተዋጠልኝም። ልጅቷ መቅረቷ ካልቀረ እኔ ከዚህ ነገር ምን አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ዛሬ ሌሊት አቡዬ ደግመው መጡ።»

ሳትቆም «ምን አሉ?» አለች።

«ልጅቷ ትቀመጥ አሉ። ለፍቅርተ ደግሞ ቦት ጫማ ይገዛላት አሉ። ቀይ።»

እናቴ ጭቃው መሃል ቆመች። ከላይ ወደ ታች አየችኝ፤ ለብዙ ሳምንት ያላየሁት ነገር ከዓይኗ ጥግ መጣ።

«ትቀመጥ ያሉት የሳቸው ይመስላል» አለች። «የጫማውን እንጃ። እኔ የማውቃቸው አቡዬ ቀለም አይመርጡም።»